ካርል ሮጀርስ፦ ማዳመጥን ያስተማረ፣ የአገልግሎትን መንገድ ግን የተወ ሰው



በእኛ አገር ምክር ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው የሚናገር ሰው ነው። መካሪው ይናገራል፣ ተመካሪው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። በሽምግልናም ቢሆን፣ በመጋቢው ቢሮም ቢሆን፣ በቤት ውስጥ በቡና ዙሪያም ቢሆን ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ዛሬ የሕይወት ታሪኩን የምንመለከተው ሰው ግን ይህን አሠራር ገለበጠው። መካሪው ዝም ብሎ በጥሞና ሲያዳምጥ ተመካሪው የልቡን ማውጣት እንደሚጀምር በሥራ አሳየ። ይህ ሰው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰውን ማዕከል ያደረገ የምክር አገልግሎት የሚባለው አካሄድ የተነሣው ከእርሱ ነው።

ስለዚህ ሰው በክርስቲያን ድረ ገጽ ላይ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዛሬ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶቻችንም ሆነ በየጤና ተቋሙ በሚሰጡ የምክር ሥልጠናዎች ውስጥ የእርሱ አሳብ ስሙ ሳይጠራም ይገኛል። ሁለተኛ፣ ይህ ሰው በወንጌላውያን ቤት ተወልዶ፣ አገልጋይ ለመሆን ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ከዚያ መንገድ የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ከእርሱ የምንማረው ነገር አለ፣ ልንጠነቀቅበት የሚገባም አለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየዕለቱ የሚጸለይበት ቤት

ካርል ሮጀርስ ጥር 8 ቀን 1902 ከቺካጎ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኦክ ፓርክ ተወለደ። ከ6 ልጆች 4ኛው ነበር። አባቱ የተሳካለት መሐንዲስና የግንባታ ሥራ ባለቤት፣ እናቱም በሃይማኖቷ የጠነከረች ሴት ነበረች። በቤታቸው በየዕለቱ ጸሎት ይደረጋል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል። መጠጥ፣ ጭፈራ፣ ካርታ ጨዋታና ቲያትር የተከለከሉ ነበሩ። ለስላሳ መጠጥ እንኳ ኃጢአት ኃጢአት ይሸት ነበር።

እንግዲህ ይህ ለእኛ እንግዳ የሆነ ቤት አይደለም። ብዙዎቻችን ያደግንበት ወይም ልጆቻችንን የምናሳድግበት ቤት ነው፤ በራሱም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ቤት አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ሮጀርስ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ልጅነቱ ሲያስታውስ፣ ወላጆቹ እንደሚወዱት ቢያውቅም የልቡን ነገር ለእነርሱ መንገር ከቶ አስቦት እንደማያውቅ፣ ምክንያቱም እንደሚፈርዱበት እርግጠኛ እንደነበረ ገልጧል። ጸሎት ባለበት፣ ፍቅርም ባለበት ቤት አንድ ልጅ አፉን ዘግቶ አደገ። ወላጆች የሆንን ሁላችን ይህን ልናስብበት ይገባል።

12 ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ከከተማ ርቆ ወደ እርሻ ቦታ ተዛወረ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ከከተማ ኑሮ ፈተና ሊጠብቁ ፈልገው ነበር። ብቸኛው ካርል በዚያ የእሳት ራቶችን እያረባ፣ ስለ ከብት መኖና ስለ አፈር የተጻፉ ወፍራም የሳይንስ መጻሕፍትን እያነበበ አደገ። አንድን ነገር እውነት ነው ከማለት በፊት በሙከራ መፈተን የሚለውን ልማድ የያዘው በእርሻው ላይ ነው። በ1919 ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲገባም በመጀመሪያ የተማረው እርሻ ነበር።

ከአገልግሎት ጥሪ ወደ ሌላ መንገድ

በዩኒቨርሲቲ ሳለ በክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ልቡ ተነክቶ አገልጋይ ለመሆን ወሰነ። ትምህርቱንም ከእርሻ ወደ ታሪክ ቀየረ። በ1922 የዓለም ክርስቲያን ተማሪዎች ፌዴሬሽን በቻይና ፔኪንግ ላዘጋጀው ጉባኤ ከአሜሪካ ከተመረጡት ጥቂት ተማሪዎች አንዱ ሆነ። ጉዞው ከ6 ወር ያላነሰ ጊዜ ፈጀ። በመርከብ ላይና በእስያ ከተሞች ከልዩ ልዩ አገር ክርስቲያኖች ጋር ሲወያይ፣ በቅንነት የሚያምኑ ሰዎች በብዙ ነገር እንደሚለያዩ አየ። የወላጆቹንም አስተምህሮ መተው ጀመረ። ያሰበውን ሁሉ ወደ ቤቱ በደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በዚያ ዘመን ደብዳቤ በመርከብ ስለሚመላለስ የወላጆቹ ድንጋጤና መልስ በደረሰው ጊዜ እርሱ ርቆ ሄዶ ነበር።

በ1924 ተመረቀ፣ በዚያው ዓመት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃትን ሔለን ኤልየትን አገባ። አባቱ ወግ አጥባቂ ወደ ነበረው የፕሪንስተን ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ቢገባ ወጪያቸውን ሁሉ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር። ልጁ ግን በለዘብተኛነቱ የሚታወቀውን በኒውዮርክ የሚገኘውን ዩኒየን ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት መረጠ። በ1925 ክረምት በቬርሞንት ግዛት በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆኖ አገልግሏል። በዩኒየን እርሱና ጓደኞቹ ያለ አስተማሪ በራሳቸው ጥያቄ ላይ ብቻ የሚወያዩበት ክፍለ ጊዜ ጠይቀው ተፈቀደላቸው፤ ከዚያ ውይይት ብዙዎቹ የአገልግሎትን አሳብ ትተው ወጡ። ሮጀርስም ከእነርሱ አንዱ ነበር። የሰዎችን ኑሮ ለማሻሻል የነበረው ፍላጎት አልጠፋም፤ ነገር ግን አንድን የተወሰነ የእምነት ትምህርት የግድ እንዲይዝ በሚያደርግ ሥራ ውስጥ መኖር አልፈለገም። በ1926 መንገድ ተሻግሮ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ሥነ ልቦና ማጥናት ጀመረ።

ከበሩ የተመለሰችው እናት

በ1928 በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው ሮቸስተር ከተማ ልጆችን ከጭካኔ በሚከላከል ማኅበር ውስጥ ተቀጠረ። በዚያም 12 ዓመት ሠራ፣ በ1931 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ወደ እርሱ የሚመጡት ወንጀል የፈጸሙ፣ የተጣሉና የተበደሉ ልጆች ነበሩ። በዚያ ጊዜ የባለሙያ ሥራ ማለት ችግሩን መመርመር፣ ምክንያቱን ማግኘትና ለወላጅ መንገር ነበር።

አንድ ቀን የሆነው ነገር አሳቡን ለወጠው። አስቸጋሪ ልጅ የነበራት አንዲት እናት ትመጣ ነበር። ሮጀርስ ነገሩን መርምሮ ችግሩ እናትየዋ ልጁን ገና ከሕፃንነቱ ስላልተቀበለችው የመጣ ነው ብሎ ደመደመ። ይህን በጥበብና በትዕግሥት ሊያስረዳት ብዙ ጊዜ ሞከረ፤ ግን ምንም ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ ሁለታችንም ሞክረናል፣ አልሆነም፣ እዚህ ላይ እናቁም ተባብለው ተስማሙ። ሴትየዋ ተነሥታ በሩ ዘንድ ከደረሰች በኋላ ዘወር ብላ፣ እዚህ ለአዋቂ ሰው ምክር ትሰጣላችሁን ብላ ጠየቀች። እርሱም አዎን ሲላት ተመልሳ ተቀመጠችና ስለ ትዳርዋ መፍረስ፣ ስለ ባልዋ፣ ስለ ውድቀትዋ መናገር ጀመረች። ይህ ሁሉ ጊዜ ሲመረመር ከነበረው ታሪክ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ሮጀርስ የሚያደርገው ጠፍቶት ዝም ብሎ አዳመጣት። ብዙ ጊዜ ከተገናኙ በኋላ ትዳሯም ተሻለ፣ የልጁም ችግር ቀነሰ።

ከዚህ የተማረው፣ የት እንደሚያመው የሚያውቀው ሰውየው ራሱ እንደሆነና መካሪ ዐዋቂነቱን ለማሳየት ካልፈለገ በቀር ተመካሪው ወደ ቁስሉ እንዲመራው መተው እንደሚሻል ነው።

ሦስቱ መሠረቶች

በ1940 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 11 ቀን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ምክር መስጠትን፣ መገፋፋትንና መተርጎምን የሚተች አዲስ አካሄድ አቀረበ። ተሰብሳቢው ግማሹ ደነገጠ፣ ግማሹ ተናደደ። በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ አንድን የምክር ሂደት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድምፅ ቀድቶ ቃል በቃል አወጣ። ከዚያ በፊት በመካሪና በተመካሪ መካከል የሚነገረው በዝግ በር ውስጥ ቀርቶ ነበር። ወደ እርሱ የሚመጡትንም በሽተኛ ማለት ትቶ ተገልጋይ ይላቸው ጀመር።

ከ1945 እስከ 1957 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምክር ማዕከል መሠረተና መራ። በ1957 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ሰውን ለመለወጥ መካሪው ሊኖሩት የሚገቡ ነገሮችን ዘረዘረ። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው እውነተኛነት ነው፤ መካሪው ጭምብል ለብሶ፣ ያልሆነውን ሆኖ አይቀርብም። ሁለተኛው ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል ነው፤ ተመካሪው ጥሩ ሲናገር የሚወደድ፣ ክፉ ሲናገር የሚናቅ መሆን የለበትም። ሦስተኛው ራስን በሌላው ቦታ አድርጎ መረዳት ነው፤ መካሪው የሰውየውን ዓለም በሰውየው ዓይን ለማየት ይጥራል፣ የተረዳውንም መልሶ በራሱ ቃል ይነግረዋል፣ ትክክል ተረድቶ እንደሆነም ይጠይቀዋል።

ይህ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የሞከረው ግን ያውቀዋል። ሰው ሲያለቅስ ቶሎ ከማጽናናት፣ ሲሳሳት ቶሎ ከማረም፣ ሲጠይቅ ቶሎ ከመመለስ መታገሥ ራስን መግዛትን ይጠይቃል።

መካሪውም ደከመ

ሮጀርስ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ራሱ ወደቀ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ብርቱ የአእምሮ ሕመም የነበረባትን አንዲት ሴት ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። በመጨረሻ ከእርሷ ችግር የራሱን ማንነት መለየት እስኪያቅተው ደረሰና ከሚስቱ ጋር በድንገት ከተማውን ለቆ ወጣ፤ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ተመለሰ። ሲመለስ ደግሞ በማዕከሉ ከሚሠሩት ባልደረቦቹ ከአንዱ ዘንድ ተቀምጦ ተመካሪ ሆነ።

ወንድሞች መጋቢዎች ሆይ፣ ይህ ታሪክ ይመለከተናል። የምእመናንን ጩኸት ሌሊትና ቀን እየሰማን የራሳችንን የምንነግረው ሰው የሌለን ብዙ ነን። ሙሴ እንኳ ሕዝቡን ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር እንደሚዝል ነግሮት ሸክሙን እንዲያካፍል መክሮታል (ዘጸ. 18)። የሚመከር መጋቢ ደካማ መጋቢ አይደለም።

የኋላ ዓመታት

ከ1957 እስከ 1963 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ አካሄዱን ሞከረ። ውጤቱ እንደተጠበቀው አልሆነም፤ በባልደረቦቹም መካከል ከባድ ጠብ ተነሣ። ይሁን እንጂ በእውነት የሚረዳቸው መካሪ ያገኙት ካላገኙት የተሻሉ መሆናቸው ታየ። ከዚህ የምንይዘው፣ ማዳመጥ ታላቅ ነገር ቢሆንም የሕክምናን ቦታ እንደማይተካ ነው።

በ1961 ያሳተመው መጽሐፍ ዝናውን ከባለሙያዎች ክበብ አልፎ ለሕዝብ አደረሰው። በ1964 ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረና ቀሪ ዘመኑን በዚያ ኖረ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አካሄዱን ወደ እርቅ ሥራ ወሰደው። የሰሜን አየርላንድ ፕሮቴስታንቶችንና ካቶሊኮችን፣ በአፓርታይድ ዘመን የደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን በአንድ ክፍል አስቀምጦ እርስ በርሳቸው እንዲደማመጡ አደረገ። በ80 ዓመቱም አላረፈም። የካቲት 4 ቀን 1987 ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ በኋላ በ85 ዓመቱ አረፈ።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ሳንጽፍ አንለፍ። ሚስቱ ሔለን ለብዙ ጊዜ ታማ በ1979 ሞተች። በዚያ የሐዘን ዘመን ሮጀርስ ሙታንን እናነጋግራለን ወደሚሉ ጠንቋዮች ሄዶ እንደነበረና በዚያ ያየው እንደማረከው ራሱ ጽፏል። የእግዚአብሔርን ቃል የተወ ልብ ባዶ ሆኖ እንደማይቀር ከዚህ እንማራለን። ሰውን ሁሉ ያዳመጠ ሰው በሐዘኑ ቀን የሚያዳምጠውን አምላክ አልፈለገም።

በቃሉ ሚዛን ሲመዘን

ወንጌላውያን ሊቃውንት በሮጀርስ ላይ የተለያየ አቋም ይዘዋል። ጄይ አዳምስ በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ አጥብቆ ተቃወመው። ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ በውስጡ አለ የሚለው መሠረት የሰውን ኃጢአተኛነትና የቃሉን ሥልጣን ይክዳል የሚል ነበር ክርክሩ። ቶማስ ኦደን ደግሞ በ1966 ባወጣው መጽሐፍ ከሌላ ወገን ተመለከተው። መካሪ ሌላውን ሰው ሊቀበል የሚችለው ከበስተጀርባ እግዚአብሔር በክርስቶስ ሰውን ስለተቀበለ ነው፤ ሮጀርስ ምንጩን ሳይጠራ ከምንጩ ጠጥቷል የሚል ነው አሳቡ።

ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሮጀርስ ሰው በመሠረቱ መልካም ነው፣ ሁኔታው ከተመቻቸለት ራሱን ያቃናል ብሎ ያምን ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሰው በእግዚአብሔር መልክ እንደተፈጠረም እንደወደቀም ያስተምራል፤ ልቡ ተንኰለኛ እንደሆነ ነቢዩ ኤርምያስ ጽፎልናል (ኤር. 17፥9)። ስለዚህ ሰው ከልቡ ያወጣው ሁሉ መፍትሔው አይደለም። ወደ ውስጡ ብቻ ሳይሆን ወደ መስቀሉ መመልከት ያስፈልገዋል።

በሌላ በኩል ግን መስማት የሮጀርስ ፈጠራ አይደለም። ሳይሰሙ መመለስ ስንፍናና እፍረት እንደሆነ ምሳሌ 18፥13 ያስተምራል። በሰው ልብ ያለው አሳብ እንደ ጥልቅ ውኃ እንደሆነና አስተዋይ ሰው እንደሚቀዳው በምሳሌ 20፥5 እናነባለን። ያዕቆብ ለመስማት እንድንፈጥን፣ ለመናገር ግን እንድንዘገይ ይመክረናል (ያዕ. 1፥19)። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር በመጀመሪያ አብልቶ አስተኛው፣ ከዚያም ጠይቆ አዳመጠው፤ ያንኑ ብሶት ሁለተኛ ሲደግመው እንኳ አላቋረጠውም (1 ነገ. 19)።

ከሁሉ በላይ ግን የጌታችን ምሳሌ በኤማሁስ መንገድ አለ (ሉቃ. 24)። ጌታ የሆነውን ሁሉ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ጠየቃቸው፣ ተስፋቸው እንዴት እንደተቆረጠ እስኪጨርሱ ድረስ ሰማቸው። ከዚያ በኋላ ገሠጻቸው፣ መጻሕፍትንም ተረጐመላቸው። ሮጀርስ የመጀመሪያውን እርምጃ በሚገባ ተማረ፣ ሁለተኛውን ግን ተወው። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ዘልለን ከሁለተኛው እንጀምራለን። ጌታ ሁለቱንም አደረገ፣ በቅደም ተከተላቸው።

ለአዳማና ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች አገልጋዮች

ከቢሾፍቱ ተነሥተን በሞጆና በአዳማ፣ ወይም በመቂና በባቱ አድርገን እስከ ሻሸመኔ ብንወርድ፣ ከተሞቻችን የመንገድ ከተሞች ናቸው። የጅቡቲን መስመር የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቤተሰባቸውን ለሳምንታት ይለያሉ። በባቱ አበባ እርሻዎች ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ይሠራሉ። ከዐረብ አገር የተመለሱ እኅቶች አሉ። በ2017ና በ2018 ከሶማሌ ክልል ከተፈናቀሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በአዳማና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ሰፍረዋል። እነዚህ ሁሉ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ወንበር ላይ አሉ። ይዘምራሉ፣ እጃቸውን ያነሣሉ፣ በልባቸው ያለውን ግን ይዘው ይመለሳሉ።

እንበልና ከዐረብ አገር የተመለሰች አንዲት እኅት ወደ መጋቢዋ መጣች። የላከችው ገንዘብ በቤተሰቧ እጅ አልቋል፣ በዚያ አገር የደረሰባትን ለማንም አልነገረችም። መጋቢው በሰላም ስለመለሰሽ ጌታን አመስግኚ፣ ቤተሰብሽንም ይቅር በይ ቢላት ያለው ስሕተት አይደለም። ነገር ግን አሜን ብላ ትሄዳለች፤ ታሪኳም ሳይሰማ ይቀራል። ቢታገሥና፣ እኅቴ፣ ደክመሽ ያጠራቀምሽው ሲያልቅ ብቻሽን የቀረሽ ሆኖ ተሰምቶሻል፣ በትክክል ተረድቼሽ ይሆን ብሎ ቢጠይቃት ግን ምናልባት ያን ጊዜ ታለቅሳለች። ከዚያ በኋላ የሚነበበው ቃል ወደ ተከፈተ ልብ ይገባል።

እንግዲህ በተግባር የሚከተሉትን ብናስብ መልካም ነው።

1. ምሥጢር ይጠበቅ። በቢሮ የተነገረ ነገር በጸሎት ርእስ ስም በጸሎት ቡድን ከወጣ፣ ያ ሰው ዳግመኛ አይመጣም፤ የሰማውም ሌላ ሰው አይመጣም። ለጸሎት ማካፈል ካስፈለገ አስቀድሞ ባለቤቱ ይፈቀድ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ወይም ሕፃን ሲበደል ግን ዝም ማለት አይገባም፤ ይህንንም ከመጀመሪያው መንገር ተገቢ ነው።

2. በልቡ ቋንቋ ይናገር። በከተሞቻችን ብዙ ሰው አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራል። በገበያ የሚናገርበትና የሚያለቅስበት ቋንቋ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ይህን መጠየቅ፣ ካልቻልንም የሚችል አገልጋይ መፈለግ ፍቅር ነው።

3. ጊዜ ይሰጠው። ከአምልኮ በኋላ በበር ላይ ቆሞ፣ ሌሎች ወረፋ እየጠበቁ፣ ልብ አይከፈትም። ሰዓት ተቀጥሮ፣ ስልክ ተዘግቶ መቀመጥ ያስፈልጋል።

4. የአገራችንን መልካም ልማድ አንጣል። ሽማግሌዎች፣ በኦሮሞም ባህል ጃርሶች፣ የተጣሉትን ሁለቱን ወገን እስኪጨርሱ የመስማት ልምድ አላቸው። ለጋራ እርቅ ይህ ይጠቅማል። የግል ቁስል ግን በብዙ ሽማግሌ ፊት ሳይሆን በአንድ ታማኝ ሰው ፊት ይገለጣል።

5. ሐኪም የሚያስፈልገውን ወደ ሐኪም እንላከው። እንቅልፍ ያጣ፣ ድምፅ የሚሰማው፣ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ሲያጋጥመን ጸሎታችንን ሳናቋርጥ ወደ ሆስፒታል አብረነው እንሂድ።

6. እውነቱን አንደብቅ። መቀበል ማለት ኃጢአትን ማጽደቅ አይደለም። በምንዝር የተያዘችውን ሴት ጌታ አልኰነናትም፤ ነገር ግን ወደ ኃጢአትዋ እንዳትመለስ ነግሮአታል (ዮሐ. 8)። እውነትን በፍቅር መያዝ ማለት ይህ ነው (ኤፌ. 4፥15)።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ ካርል ሮጀርስ የጌታን መንገድ ትቶ ወጣ። ነገር ግን በወጣበት ስፍራ የሠራው ሥራ ለእኛ ጥያቄ ሆኖ ቀርቧል፤ በየዕለቱ በሚጸለይበት ቤት ያደገ ልጅ የልቡን የሚነግረው ሰው ያላገኘው ለምንድን ነው? ዛሬም በቤታችንና በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ እንደ እርሱ ዝም ያለ ልጅ ሊኖር ይችላል። ምናልባት ጥርጥር አለው፣ ምናልባት ወድቋል፣ እንደምንፈርድበት ስላወቀ ግን ዝም ብሏል። ቀድመን ካላዳመጥነው ሌላ የሚያዳምጠው ፍለጋ ይሄዳል። ክርስቶስ እንደተቀበለን እርስ በርሳችን እንድንቀባበል ታዘናል (ሮሜ 15፥7)። ጌታ የሚሰማ ጆሮና እውነትን በጊዜው የሚናገር አንደበት ይስጠን።